ስልኩ የማን ነው? ስኪዞፍሬንያ ያለባቸው ሰዎችና ዲጂታል ቴክኖሎጂ በቆቦና በራያ ቆላ

መግቢያ

በአእምሮ ሕክምና መከታተያ ካርድ ላይ ከስም፣ ከዕድሜና ከቀበሌ ቀጥሎ ብዙውን ጊዜ «ስልክ ቁጥር» የምትል አንዲት መስመር ትገኛለች። በመጀመሪያው ቀን አንድ ቁጥር ይጻፍባታል፤ ታካሚው ከቀጠሮ እስኪቀር ድረስም የሚያስታውሳት አይኖርም። በቀረ ጊዜ ነርሱ ይደውላል። ስልኩን የሚያነሣው ሰው ማን እንደሆነ፣ ለታካሚው ምኑ እንደሆነ፣ ምን ሊነገረውና ምን ሊሸሸገው እንደሚገባ ግን ካርዱ አይናገርም። ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ ከዞብል ተራሮች ግርጌ ወይም ከጎብዬ በኩል ለሚመጣ ሰው ቁጥሩ የወንድሙ፣ የአባቱ፣ የጎረቤቱ ወይም ከተማ የተቀመጠ የአክስቱ ልጅ ሊሆን ይችላል።

ስለ ስኪዞፍሬንያና ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተጻፈው አብዛኛው ጥናት ከአንድ ያልተነገረ ግምት ይነሣል። ስልኩ የሕመምተኛው ነው፤ በኪሱ ይይዘዋል፤ ብቻውን ይከፍተዋል፤ የደረሰውንም መልእክት ብቻውን ያነበዋል የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግምቱ በራያ ቆላ እንደማይጸና፣ ግምቱ ሲነሣም የምርምሩም ሆነ የአገልግሎቱ ጥያቄዎች አብረው እንደሚለወጡ ማሳየት ነው። ዘዴው የታተሙ ጥናቶችን ከአካባቢው ሁኔታ ጋር ማገናዘብ ሲሆን፣ ከሀገር ውስጥ በዋናነት የተመረኮዘው በቡታጅራና በሶዶ በተካሄዱት ላይ ነው።

ሕመሙ፣ ዕድሜውና ድህነቱ

በኢትዮጵያ ገጠር ስለ ስኪዞፍሬንያ በስፋት የሚታወቀው ከቡታጅራ የተገኘው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ደረጀ ከበደ፣ አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎችን በቤት ለቤት ቅኝት መርምረው ባካሄዱት ጥናት፣ ከአንድ ሺህ ሰው 4.7 ያህሉ በሕይወት ዘመናቸው በሕመሙ እንደተያዙ አመልክተዋል። ከተለዩት ሕሙማን መካከል ቀደም ሲል የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከአሥር በመቶ በታች ነበሩ። እነዚህንና ሌሎች ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2015 አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሥራ ደግሞ 121ዱ እንደሞቱ፣ የሞቱትም ከሚጠበቀው ዕድሜ ወደ ሠላሳ ዓመት ቀድመው እንደሆነ አሳይቷል። ከሞቱ ግማሽ ያህሉን ያደረሰው ተላላፊ በሽታ ነበር። ሰዎቹ የሞቱት በአብዛኛው ሌላውን ሰው ሐኪም ዘንድ በሚያደርሰው ሕመም ነው፤ እነርሱን ግን የሚያደርሳቸው አላገኙም ወይም ዘግይቶ አገኛቸው።

ከእነዚህ ግኝቶች መካከል ከስልክ ጋር በቀጥታ የሚገናኙ ሁለት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ዕድሜ ነው። በቡታጅራ ሕመሙ በአማካይ የጀመረው በሃያዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ላይ ነበር። ይህ በዛሬዋ ቆቦ አንድ ወጣት ትምህርቱን የሚጨርስበት፣ የራሱን ሲም ካርድ የሚያወጣበት፣ ሥራ ወይም ስደት የሚያስብበት ዕድሜ ነው። ስለዚህ ስኪዞፍሬንያ የሚይዘው ወጣት ስልክ ጨርሶ የማያውቅ ሰው ሳይሆን ስልክ ነበረውና ያጣ ሰው መሆኑ የሚቀርብ ነው። ሁለተኛው ድህነት ነው። በሶዶ ወረዳ በተካሄደ ጥናት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ባለባቸው ቤተሰቦች የጸናው የምግብ ዋስትና ችግር ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። በልቶ ለማደር የሚቸገር ቤት ቀድሞ ከሚሸጣቸው ዕቃዎች አንዱ ስማርት ስልክ ነው፤ ከበሬ በፊት ይሸጣል። ሕመሙ ሲያገረሽም ስልኩ ይሰበራል፣ ይጠፋል፣ ለመንገደኛ ይሰጣል፤ ወይም ቤተሰቡ «ለራሱ ሲባል» ይቀበለዋል።

የተቀበሉትን መመለስ ግን ከባድ ነው። ሕመሙ ከረገበ በኋላም ስልኩ በወንድም ኪስ ይቀራል። እንዲህ ያለው ነገር በቁጥር ሲጠየቅ «ስልክ ያለው» ወይም «የሌለው» ተብሎ ይመዘገባል፤ መካከል ላይ ያለው ሁኔታ፣ ማለትም «የነበረውና የተያዘበት»፣ በመጠይቁ ቦታ የለውም።

በውጭ የተሠራውና ያሰበው ተጠቃሚ

ጆሴፍ ፈርዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት የጥናቶች ጥናት፣ 15 ጥናቶችንና ከ3 ሺህ 200 የሚበልጡ ሰዎችን አጠቃለው የሳይኮሲስ ሕመም ካለባቸው መካከል 66 በመቶ ያህሉ የእጅ ስልክ እንዳላቸው፣ በቅርብ ዓመታት ጥናቶች ብቻ ሲሰላ ደግሞ ቁጥሩ ከ81 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ግኝቱ በዘመኑ ትልቅ ዋጋ ነበረው፤ «እነዚህ ሰዎች ቴክኖሎጂ አይችሉም፣ ይፈሩታል» የሚለውን የሐኪሞች አመለካከት አናግቷልና። ከዚያ በፊትም ድሮር ቤን-ዚቭ በአሜሪካ የሠራው ፎከስ የተባለ መተግበሪያ ለ33 ሰዎች ተሰጥቶ ለአንድ ወር ሲሞከር፣ ተጠቃሚዎቹ በቀን በአማካይ አምስት ጊዜ ያህል ከፍተውታል። ስልኩን የሰጠው ግን ጥናቱ ነበር።

ለቆቦ የበለጠ የሚቀርበው የቻይናው ነው። በሁናን ግዛት ሊዩያንግ በተባለ ገጠራማ ስፍራ 278 ሰዎችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ሙከራ፣ ስኪዞፍሬንያ ላለባቸው ሰዎች የመድኃኒት ማስታወሻ፣ ትምህርትና የማገርሸት ምልክት መጠይቅ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ልኳል። መልእክቱ የተላከው ለሕመምተኛው ብቻ አልነበረም፤ በአብዛኛው የቤተሰብ አባል ለሆነው አስታማሚም ጭምር ነበር። መድኃኒትን በአግባቡ የመውሰድ ልኬት ያለ መልእክቱ 0.48 ሲሆን ከመልእክቱ ጋር 0.61 ደርሷል፤ እንደገና ሆስፒታል የገቡትም ቀንሰዋል። አስታማሚውን ከመጀመሪያው የአሠራሩ አካል ማድረጉ የሙከራው ብልሃት ነው።

ይሁን እንጂ የሊዩያንግን ውጤት ጠቅሶ «ለራያም አጭር መልእክት ይበቃል» ማለት ችኮላ ይሆናል። በዚያ ስፍራ መድኃኒቱ በሀገር አቀፍ ፕሮግራም በነጻ ይሰጥ ነበር፤ መልእክቱ የሚያስታውሰው በእጅ ያለውን መድኃኒት ነው። በቆቦ ዙሪያ ያለ ቤተሰብ «መድኃኒትዎን ይውሰዱ» የሚል መልእክት ሲደርሰው መድኃኒቱ ከመድኃኒት ቤቱ ካለቀ፣ ወይም ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ ወልዲያ ካለ፣ ከዚያም 120 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ደሴ ካለ፣ መልእክቱ ቁጭት ከመጨመር በቀር የሚሠራው የለም።

ሌላው ሊጤን የሚገባው ሥራ የሕንዱ ነው። በቼናይ የሚገኘው የስኪዞፍሬንያ ምርምር ፋውንዴሽን እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ በፑዱኮታይ አውራጃ መንደሮች አውቶቡስ ያዞራል፤ በአውቶቡሱ ውስጥ በቪዲዮ ከሐኪም ጋር የሚያገናኝ መሣሪያና መድኃኒት አለ። ሕመምተኛው ስልክም፣ ኢንተርኔትም፣ ፊደልም እንዲኖረው አይጠየቅም። ቴክኖሎጂው የአገልግሎቱ ንብረት ሲሆን ኃላፊነቱም የአገልግሎቱ ይሆናል። ይህ ልዩነት ከመተግበሪያው ዓይነት ይልቅ ክብደት አለው።

ቆቦ፦ መንገድ፣ መስመርና መቋረጥ

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው የራያ ሜዳ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር የተቀመጠች ከተማ ናት። ማሽላና ጤፍ ይበቅልባታል፤ የቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ለመስኖ ይውላል። ከሜዳው ከተሞች ወጣ ሲሉ ስልክ የሚሞላው በፀሐይ ኃይል ወይም ከተማ ሲወጡ ነው። ሂሳብ ያለቀበት ሰው «መልሰው ይደውሉልኝ» የሚለውን ነጻ መልእክት ይልካል፤ ወይም አንዴ ደውሎ ሳይነሣ ይዘጋል። የተደወለለትም ትርጉሙን ያውቃል። የአካባቢው ሰው የቴሌኮም አገልግሎትን በዚህ መልክ በድምፅና በምልክት እንደሚጠቀምበት የማያውቅ ዕቅድ አውጪ በጽሑፍ ላይ የተመሠረተ መተግበሪያ ይዞ ይመጣል።

የኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ ቁጥር የገንዘብ ቦርሳም ሆኗል። የራሱ ሲም ካርድ የሌለው ሰው የራሱ ቦርሳ የለውም። ለሕመምተኛው ከዘመድ የሚላከው ገንዘብ በወንድሙ ቁጥር ይገባል፤ የምስጢር ቁጥሩም የወንድሙ ነው። ወንድሙ ታማኝ ቢሆንም እንኳ፣ የሰውየው ለጫማ፣ ለትራንስፖርት ወይም ለመርፌ የሚሆን ገንዘብ በሌላ ሰው ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የቆቦን ጉዳይ ከቡታጅራና ከሶዶ የሚለየው ጦርነቱ ነው። ከተማዋ ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች ይዞታ ሥር ነበረች፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እንደገና ተያዘች። በመጀመሪያው ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጠው ነበር፤ ወደ ደሴ የሚወስደውንም መንገድ የጦር ግንባር ቆርጦት ነበር። በየአራት ሳምንቱ መርፌ ለሚወስድ ሰው እነዚያ አምስት ወራት አምስት መርፌ ማለት ናቸው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀበት ወቅት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል።

በዚህ ታሪክ ፊት፣ ለራያ ቆላ የሚታሰብ ማንኛውም ዲጂታል የሕክምና ድጋፍ መጀመሪያ ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ «መስመሩ ሲሠራ ምን ይጠቅማል?» የሚለው አይደለም። መስመሩ በሚቋረጥበት ዕለት ሕመምተኛው በምን ላይ ይቆማል? የክትትሉ መዝገብ በኢንተርኔት ላይ ብቻ ከሆነ፣ የቀጠሮው ቀን በነርሱ ስልክ ላይ ብቻ ከሆነ፣ መቋረጡ መረጃውንም ይዞት ይሄዳል።

ድምፅ፣ ሽቦና ጥርጣሬ

የስኪዞፍሬንያ ምልክቶች ዘመናቸውን ይመስላሉ። ቪክቶር ታውስክ እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣው ታዋቂ ጽሑፍ፣ አንዳንድ ሕሙማን ከሩቅ ሆኖ ሐሳባቸውንና አካላቸውን የሚመራ አንድ ማሽን እንዳለ አጽንተው እንደሚያምኑ ገልጿል፤ ማሽኑም ሕሙማኑ ከሚያውቋቸው የዘመኑ መሣሪያዎች የተገጣጠመ ነበር። በስሎቬንያ ሉብሊያና እ.ኤ.አ. ከ1881 እስከ 2000 የተጻፉ የሕሙማን መዝገቦችን የመረመረ ጥናትም ሬዲዮና ቴሌቪዥን ከተስፋፉ በኋላ በመሣሪያ መመራትን የሚመለከቱ የተሳሳቱ ጽኑ እምነቶች እንደበዙ አሳይቷል። በወሎ ዛር፣ ጅን ወይም ቡዳ ሲባል የኖረው የሚያሳድድ ኃይል በስልክ ማማና በካሜራ ስም ቢመጣ፣ ሕመሙ አዲስ ሆነ ማለት አይደለም፤ ሕመሙ የሚናገርበት ቃል ተቀየረ እንጂ።

ክሊኒካዊው ችግር ያለው ሌላ ቦታ ነው። በስልኩ ውስጥ የሚያዳምጠኝ አለ ብሎ የሚያምን ሰው ከስልኩ በሚወጣ ድምፅ «መድኃኒትህን ወስደሃል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ ጥሪው ራሱ የጥርጣሬው ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የሌለ ድምፅ የሚሰማ ሰውም ባለቤቱን የማያየው ድምፅ በጆሮው ሲገባ ያለውንና የሌለውን ለመለየት ይቸገር ይሆናል። ስለዚህ በስልክ የሚደረግ ክትትል ሕመምተኛው ፊት ለፊት ከሚያውቀው ሰው መጀመር አለበት፤ ካርዱን በጻፈችለት፣ መርፌውን በወጋችው ነርስ ድምፅ። ከማይታወቅ ማዕከል የሚመጣ፣ በማሽን የተቀዳ ማስታወሻ ለወሊድ ክትትል ሊሠራ ይችላል፤ ለዚህ ሕመም ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል።

በጦርነት ያለፈ አካባቢ ላይ ደግሞ ፍርዱ ይበልጥ ይከብዳል። ስልክ መያዝ፣ ፎቶ ማንሣት ወይም ለዘመድ መደወል በጥርጣሬ ሊያስይዝ በሚችልበት ጊዜ የኖረ ሰው «ስልኬን ይጠልፉታል» ቢል፣ ያ ብቻውን የሕመም ምልክት ተደርጎ ሊመዘገብ አይገባም። አንድ እምነት የተሳሳተ ጽኑ እምነት የሚባለው ከሰውየው ማኅበረሰብ ጋር ተመዝኖ ነው፤ የቆቦ ማኅበረሰብ ደግሞ በዚህ ጉዳይ የራሱ ልምድ አለው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ባለሙያ አስታማሚውን «ይህን የሚያምነው እሱ ብቻ ነው ወይስ መንደሩም እንዲህ ይላል?» ብሎ መጠየቅ ይጠበቅበታል።

ተጠቃሚ ሳይሆን ታዪ

በራያ ቆቦ ኢንተርኔት በብዙ ቤት የገባው በስደት በኩል ነው። በሳውዲ ዓረቢያ ያሉ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር በኢሞ ይነጋገራሉ፤ ወጣቱ ቴሌግራምና ቲክቶክ ይከታተላል። ስደቱ ራሱ ከአእምሮ ጤና ጋር የተያያዘ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ብቻ ከ160 ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ከሳውዲ ዓረቢያ ሲመለሱ ከመካከላቸው በአእምሮ ሕመም ውስጥ ሆነው የመጡ ነበሩ። ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ለታመመ ወንድሙ የሕክምና ገንዘብ የሚልከውም፣ የት እንደሚታከም ከሩቅ ሆኖ የሚወስነውም በዚሁ ስልክ ነው። ሕመምተኛው በዚህ ውይይት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው ስሙ ተነሥቶ ነው፤ ስልኩ ለእርሱ አይሰጥም።

ከዚህ የከፋም አለ። በዩቲዩብና በቲክቶክ በጸበል ቦታዎች፣ በፈውስ መድረኮችና በመንገድ ዳር ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው የሚመስሉ ሰዎች እየተቀረጹ ይለቀቃሉ፤ ሲጮኹ፣ ሲወድቁ፣ ልብሳቸውን ሲጥሉ። ፊታቸው አይሸፈንም፤ አንዳንዴ ስማቸውና የመጡበት ቦታ ጭምር ይነገራል። ሃይማኖታዊ ፈውስ በራያም ሆነ በሰፊው ወሎ፣ በጸበሉም ሆነ በወዳጃው ዱዓ፣ ለብዙ ቤተሰብ የመጀመሪያው በር ነው፤ ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድም ይችላል። የሚያጠያይቀው ካሜራው ነው። ጸበል የገባ ሰው ድሮ የሚያየው አብሮት የተጠመቀው ሰው ነበር፤ ዛሬ ሕመሙ የቀለለለት ቀን ሥራ ሊቀጥረው የነበረ ሰው ስልክ ላይ ያገኘዋል። ስለ ዲጂታል ቴክኖሎጂና ስለ ስኪዞፍሬንያ በኢትዮጵያ ሲጠና «በሳምንት ስንት ሰዓት ኢንተርኔት ይጠቀማሉ?» ከሚለው በፊት «ምስልዎ ያለ ፈቃድዎ ተለቆ ያውቃል?» የሚለው መቅደም አለበት።

ተሾመ ሽብሬና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ከጠየቋቸው 178 የሕሙማን ዘመዶች ሦስት አራተኛው መገለል እንደደረሰባቸው ወይም እንደተሰማቸው፣ 37 በመቶው ደግሞ የዘመዳቸውን ሕመም መደበቅ እንደሚፈልጉ ተናግረዋል። ያ የተጠየቀው ወሬ በአፍ ብቻ በሚዞርበት ዘመን ነው። ቪዲዮ የሚደበቅ ነገር አያስቀርም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚሹ የግል መረጃዎች መድቦታል፤ አዋጁ በጸበል ቦታ ከተቀረጸ ፊት ጋር እንዴት እንደሚገናኝ ማብራራት ለሕግ ተማሪዎች ጥሩ የመመረቂያ ርእስ ይሆናል።

ካርዱና ቀን መቁጠሪያው

እስካሁን ከተባለው የሚከተለው መተግበሪያ ከመሥራት በጣም ያነሰ ሥራ ነው። በካርዱ ላይ ያለችው አንዲት መስመር ሦስት ጥያቄ ልትይዝ ይገባል፦ ስልኩ የማን ነው፣ በየትኛው ሰዓትና ቀን ይነሣል፣ ለሚያነሣው ሰው ምን ማለት ይፈቀዳል። ሦስተኛውን የሚመልሰው ሕመምተኛው ራሱ ነው፤ የሚጠየቅበትም ጊዜ ሕመሙ የረገበለት ቀን እንጂ በገመድ ታስሮ የመጣበት ቀን አይደለም። ላውራ አሸርና ባልደረቦቿ በሶዶ እንዳሳዩት ቤተሰብ ሰውን በቤት የሚያስረው ብዙ ጊዜ በጭካኔ ሳይሆን ሌላ አማራጭ ሲያጣ ነው፤ ሆኖም ለታሰረ ሰው የሚቀርብ የፈቃድ ጥያቄ ፈቃድ አያመጣም። ጎረቤት ለሚያነሣው ስልክ «የቀጠሮ ቀኑ ነገ ነው ብለው ይንገሩልን» የሚለው በቂ ነው፤ የክፍሉን ስም መጥቀስ አያስፈልግም።

ለዚህ የሚሆን የሰው ኃይል ባዶ አይደለም። የአሸርና የቻርሎት ሃንሎን ቡድን በሶዶ 166 ሰዎችን ባሳተፈው ሙከራ፣ ሠልጥነው ቤት ለቤት የሚሄዱ የማኅበረሰብ ሠራተኞች ከጤና ጣቢያ ሕክምና ጋር ሲቀናጁ የሕሙማኑ የዕለት ኑሮ ችግር በሕክምና ብቻ ከታገዙት ይልቅ እንደቀነሰ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ስልኩ የእነዚህን ሠራተኞች ጉዞ ሊያሳጥር ይችላል፤ መቼ መሄድ እንዳለባቸው ሊጠቁም ይችላል። እግራቸውን ግን አይተካም፤ መስመሩ በተቋረጠባቸው ወራት የሚቀረው እግር ብቻ ነውና።

መስመር በማይኖርበት ጊዜ የሚሠራ ማስታወሻም በአካባቢው አለ፤ ቀን አቆጣጠሩ። ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት የተባለው ለረጅም ጊዜ የሚሠራ መርፌ እንደ ታካሚው ሁኔታ በየሁለት እስከ አራት ሳምንት ይወጋል። «በየሚካኤሉ» የተባለ ሰው በየወሩ በ12 ይመጣል፤ በየሠላሳ ቀኑ ማለት ነው። «በየአራተኛው ገበያ» የተባለው ደግሞ በየ28 ቀኑ ይመጣል፤ ይህ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም እኩል ይሠራል፣ ገበያው በመጓጓዣና በዘመድ መገናኛነቱም ይረዳል። ቀጠሮው በስልክ ቀን ሳይሆን በእነዚህ ከተሰጠ ስልኩ ቢጠፋም ቤቱ ያስታውሰዋል። አንድ ክፍተት ግን ይታይበታል። ከነሐሴ ሚካኤል እስከ መስከረም ሚካኤል ያለው ጊዜ ጳጉሜ ስለምትገባበት 35 ቀን፣ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 36 ቀን ይሆናል። በዚያ ወር ታካሚው ቀደም ብሎ እንዲመጣ በካርዱ ላይ በቀይ ቢጻፍ፣ ወይም በነሐሴ መጨረሻ ነርሷ በካርዱ ላይ ወዳለው ቁጥር፣ የማን እንደሆነ አስቀድማ አውቃ፣ አንድ ጊዜ ብትደውል ክፍተቱ ይሞላል።